የሾላው ቅቤ

ነሐሴ 2 ቀን 2017

ከቆቦ እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ ላይ እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው የለም። ይህን ጽፌ ጮክ ብዬ ሳነበው አበበች ሳቀች። ሚስቴ ናት፣ መሳቅ መብቷ ነው። እሺ፣ የሚጽፍ አለ። አስተማሪው አለ፣ የቀበሌው ጸሐፊ አለ። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ የማታ ትምህርት ገብቶ በአምስት ወር ፊደል የጨረሰ ግን የለም። ሰባት ወር ነው። ሁለቱን ወር አሞኝ ነበር ብዬ ቀንሼው ነው፤ አላመመኝም።

ደብተሩን የሰጡን መምህርት ሩት ናቸው፣ ሰኔ ላይ ሲያስመርቁን። "አቶ ጋሹ፣ በቀን አንድ መስመርም ቢሆን ይጻፉ። ካልተጻፈ ፊደል ይሸሻል" አሉኝ። ከእኔ ወዴት አባቱ ይሸሻል!

ነሐሴ 4፣ እሁድ

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ መምህር ሚኪያስ ሰበከ። ከወልድያ የተላከልን ወጣት ሰባኪ ነው፣ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ። በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንተ ነው፣ ደብተሩ የእኔ ነው።

ስብከቱ ስለ ባዕድ አምልኮ ነበር። "በየበዓሉ የምታደርጉትን ከወንጌል ነው ያገኛችሁት ወይስ ከአያቶቻችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እኔ አላቀረቀርኩም፣ ነገሩ ማረከኝ። እውነት ግን ከየት አገኘነው? ለቅዱስ ዮሐንስ ዶሮ ስንገዛ ቀለሟን መርጠን ነው። ቀለሙን ማን መረጠልን? መጥምቁ እንደሆነ በረሃ ላይ አንበጣ ሲበላ የኖረ ሰው ነው፣ ዶሮ ምን ያደርግለታል?

ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ "እኔ የዚህን አገር ልማድ አንድ ሳይቀር አውቃለሁ" አልኩት።

"እንግዲያው አባቴ ይጻፉልኝ። መጻፍ ተምረዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

ከነስማቸው አለኝ። ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ከነስማቸው።

እኔን ጻፍልኝ! ቤት እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም። ነክቷል፣ ጭቃ ነበር።

ነሐሴ 5

ተቻኩያለሁ፣ ወፍጮ ቤት እየጠበቁኝ ነው። ጎህ ሲቀድ ወንዙ ዳር ባለው ትልቁ ሾላ ስር እማ የሻረግን አየኋት። አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታላቅ። እናቴ ጡት ሳልጥል ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። በቅጠል የያዘችውን ቅቤ በጣቷ እየጨለፈች ግንዱን ትቀባለች። አላየችኝም።

ሁለት ነገር ገረመኝ። አንደኛ፣ ፍልሰታ ነው። እኛ የተከለከልነውን ቅቤ ሾላው ይበላል። ዛፍ አይጾምም ማለት ነው? ሁለተኛ፣ እየቀባች "እመ ብርሃን፣ እመ ብርሃን" ትላለች። እጇ ዛፉ ላይ፣ አፏ ማርያም ላይ።

ነሐሴ 9

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ፣ ባትሪዬ ሞልቷል።

ሥራዬ ወፍጮ ቤት ነው፤ ወፍጮው የአያ ታሂር ነው። እሱ ይመዝናል፣ እኔ እህሉን አፈሳለሁ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው ምስጢሩን ጮሆ ነው የሚያወራው፣ ካልጮኸ አይሰማማም። ጉዱ ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ ነው። ትናንት ሲጠፋ አንዲት ሴት "ገብስማዋን ካላዞርሽበት ልጁ አይተኛልሽም!" እያለች ስትጮህ ተያዘች። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አያት። እሷም "ምን ታፈጣላችሁ? ዶሮ ማዞር ተከለከለ እንዴ?" አለች። እኔ ቶሎ ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ገጽ ሞላ። ለዘመን መለወጫ ዶሮዋን ከማረዳቸው በፊት በሰው ራስ ላይ እንደሚያዞሩ ጻፍኩ። ችቦ አብርተው "እንጉሮ ገብስማ" እያሉ ቤቱን ሲዞሩ ማንን እንደሚያባርሩ አላውቅምና ጥያቄ ምልክት አደረግኩበት። ጥያቄ ምልክት አሪፍ ነገር ነው፣ እንደ ማጭድ። ደመራው በወደቀበት በኩል ጥጋብ ነው ወይ ጦር ነው ብለው እንደሚተነብዩም ጻፍኩ።

የቡሄ ጅራፍ አከራክሮናል። ቄሶቹ በደብረ ታቦር የተሰማው ነጎድጓድ ምሳሌ ነው ይላሉ። አያ ታሂር ግን "ወላሂ እኛም ልጆች ሆነን እናጮኽ ነበር። ክረምቱን ለማባረር ነው ብለው ነው የነገሩን" አለ። እና ጅራፉ መጀመሪያ የማን ነበር? የታቦር ነው ወይስ የክረምቱ? ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ አንድ ቁና ጤፍ በነጻ እፈጭለት ነበር። ወፍጮው የእኔ ቢሆን።

ልማዱን መጻፍ እጅ ያደክማል። ስም መጻፍ ግን ደስ ይላል። የሻረግ። አንዲት ፊደል አልሳትኩም። ከመታወቂያዋ በቀር ስሟ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ቢያሳዩዋት ደስ ይላት ነበር።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። "የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል አባቴ" አለኝ። የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል! ስሞቹ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም ፈገግ አልኩ። አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተው።

ነሐሴ 16

ሶለል ገባ። ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ቅጠል አስረው ከተማውን ሞሉት። የአያ ታሂር የልጅ ልጅ ፈሪሀም መሀል ገብታ ትጨፍራለች። አንዱ ቅጠሉ የኖኅ ርግብ ያመጣችው ነው አለኝ፣ ሌላው የማርያም ዕርገት ነው አለኝ። ራሳቸውን ልጆቹን ጠየቅኩ።

"አባባ፣ ለጭፈራ ነው! አምስት ብር ይስጡ!"

ነሐሴ 18፣ እሁድ

አነበበው። ሰው ሁሉ ፊት፣ ዓውደ ምሕረቱ ላይ። ልማዶቹን አንብቦ እያንዳንዱ ከየት ሊመጣ እንደሚችል አስረዳ፣ ያ ጥሩ ነበር። ጆሮዬን ጥዬ ነው ያዳመጥኩት። ከዚያ "እነዚህ እናቶችና አባቶች ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ በፍቅር እንለምናለን" ብሎ የጻፍኳቸውን ሰባት ስሞች ጠራ። በፍቅር ነው ያለው፣ አልዋሸሁም።

የመጨረሻዋ የሻረግ ነበረች።

በሴቶች በኩል በመቋሚያዋ ተደግፋ ቆማ ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ቡራኬ ሳትቀበል ወጣች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቡራኬ ሳትቀበል ስትወጣ አይቼ አላውቅም።

በመንገድ ላይ ሰው ሁሉ "ማን ነው የጻፈው?" ይላል። እኔም "ማን ይሆን?" አልኩ። ሳስበው ድምፄ በጣም ጥሩ ነበር።

ከነስማቸው ያለው እሱ ነው።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ስለ ጽዋው መጻፍ አለብኝ። ሴቶቹ የማርያም ማኅበር አላቸው። ወር በገባ በሃያ አንድ ይሰበሰባሉ፤ ጽዋውን የተቀበለች ሴት በሚቀጥለው ወር ቤቷ ትደግሳለች። ተራው በዓመት አንዴ ነው የሚደርስ። ዛሬ ለመስከረም ተቀባይዋ እማ የሻረግ ነበረች። መስከረም ሃያ አንድ ደግሞ የግሸን ማርያም ናት፣ ከየወሩ ሃያ አንድ ሁሉ ትልቋ። ጌሾ ገዝታ ጨርሳ ነበር። "ይህቺን ከደገስኩ በኋላ ትጥራኝ" ትል ነበር፣ ማርያምን ማለቷ ነው።

አልሰጧትም። "ስሟ ተጠርቷል፣ ንስሐዋን ትጨርስ" አሉ። ጽዋው ከእሷ ቀጥላ ወዳለችው ሴት ዘለለ።

ከእሷ ቀጥላ ያለችው አበበች ናት። ጽዋው አሁን እኔ ቤት ነው፣ መደርደሪያው ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ። አበበች ራት ስታቀርብ ሳህኑን አስቀምጣ "ፊደል ቆጥሬ መጣሁ ስትል ሰው ቆጥረህ ነው የመጣህ?" አለች። ነግሬያት አላውቅም። እንዴት አወቀች?

ነሐሴ 27

ዝናብ ከጠፋ ስምንት ቀን። ማሽላው ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል።

ወፍጮ ቤት የሰማሁት፦

"ሾላውን ሳይቀቡት ስለቀሩ ነው።"

"ኧረ ስለቀቡት ነው!"

አያ ታሂር ሚዛኑ ላይ ሆኖ ሳቀ። "አብሽሩ፣ እኛም ቤት ያው ነው" አለ። "ሼሁ ዛፍ አትቀቡ፣ ሽርክ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ዝናብ ሲጠፋ ግን ዱዓው የሚደረገው የት ነው? እዛው ሾላ ስር። ሰው ጥላ ይወዳል፣ ምን ታደርገዋለህ?"

"አያ ታሂር፣ አንተ ከየት መጣ ትላለህ፣ ይህ ቅቤ?"

"ከላም" አለ።

ሳቅን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጋሹ፣ አክስትህ እህል ልታስፈጭ ከመጣች ሁለት ሳምንት ሆናት። ምን ትበላለች?" አለኝ። ሞተሩን አስነሳሁት።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዘነበ! ከሰዓት በኋላ ከምዕራቡ ተራራ ተነስቶ ሜዳውን ሸፈነው። ልጆች ራቁታቸውን ወጡ፣ ሴቶች ለሊጥ የሚሆን ውኃ ሊያጠራቅሙ ጎድጓዳ ዕቃ ሁሉ ደጅ አወጡ። ዛሬ ሰማዩ ተከፍቷል፣ ጠበል ነው የሚዘንበው ይላሉ። እኔም ሸሚዜን አውልቄ ወጣሁ። ሆዴን አይቶ የሳቀ አለ።

እየታጠብኩ አሰብኩ፦ ይህስ? ይህ የመልአኩ ነው ወይስ ከመልአኩ በፊት የነበረ ሰው ክረምቱን የተሰናበተበት? መምህር ሚኪያስ ይህን ከዝርዝሩ ውስጥ አላነበበውም። እሱም እንደሆነ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ዘርግቶ ነበር። አይቼዋለሁ።

እማ የሻረግ ደጅ ዕቃ አልወጣም።

መስከረም 1 ቀን 2018

ዶሮ አረድን። ነጭ ነበረች፣ አበበች ነች የመረጠች። ራሳችን ላይ አላዞርናትም። ወጡ አልጣፈጠኝም። ምናልባት ባለመዞሯ ነው፣ ብዬ ቀለድኩ። የሳቀ የለም።

ከስድስቱ ሌሎች አራቱ ንስሐ ገብተው ተመልሰዋል። እማ የሻረግ አልሄደችም። "ያላጠፋሁትን አጠፋሁ አልልም" አለች አሉ። ለእንኳን አደረሰሽ ልሄድ ተነስቼ ነበር። ጫማዬ ጠበበኝ።

መስከረም 9

ቄስ አያሌውን አገኘኋቸው። የንስሐ አባታችን ናቸው፣ ሰማንያ ይሆናቸዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ካሉት ዛፎች ስር ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ። ጥያቄዬን ሁሉ ዘረገፍኩባቸው።

"አባ፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን ከመተከሉ በፊት እዚህ ቦታ ምን ነበር?"

"ዛፍ።"

"ማን ይቀባው ነበር?"

"አያቴ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "የእናቴ አባት። በግና ቅቤ ይዞ ይመጣ ነበር ብላኛለች። ታቦቱ ሲገባ ዛፉን አልቆረጡትም። አጥሩን አስፍተው ከነዛፉ አጠሩት። አያቴም በማግስቱ እዚያው ቦታ መጣ፣ በጉን ለማርያም ሰጠ። ቦታውን አልቀየረም፣ በጉንም አልቀየረ፣ የተቀባዩን ስም ብቻ ነው።"

"ታዲያ ኃጢአት ነው አይደለም?"

"ዛፉን ፈጣሪዬ ካለች ኃጢአት ነው። የሻረግ ግን ምን እንደምትለው ማን ጠየቃት?" አሁን ቀና አሉ። "ጻፊው ጠይቋት ነበር?"

ጻፊው አሉ፣ አንተ አላሉም። ጥያቄዬ ሁሉ ለሌላ ሰው ነበር፤ እሷን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኳትም።

መስከረም 17

መስቀል። ትናንት ደመራው ወደ ምሥራቅ ወደቀ። ሰው ጥጋብ ነው አለ። ወደ ምዕራብም ቢወድቅ ጥጋብ ነው ይሉ ነበር፣ ዘንድሮ ሌላ ነገር መስማት የሚፈልግ የለም።

ዛሬ ጠዋት አመዱን ግንባራችን ላይ በመስቀል ምልክት ስንቀባ መምህር ሚኪያስ ብቻውን ቆሟል። ሰው ይሸሸዋል። ሴቶቹ ሲያልፍ ዝም ይላሉ። አጠገቡ ቆምኩ።

"መምህር፣ ጭሱ ለንግሥት እሌኒ መስቀሉን አመለከታት፣ ይህ ገባኝ። አመዱን ግንባሬ ላይ ቀባ ያለኝ ማን ነው?"

ትንሽ አሰበ። "አላውቅም አባቴ" አለ። "እናቴም ትቀባኛለች። ሰባቱን ስም ካነበብኩ ወዲህ የማላውቀው ነገር በዛብኝ።"

አንድ ነገር የሚጨምር መሰለኝ። አልጨመረም። ከነስማቸው ባይለኝ ኖሮ እኮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

መስከረም 20፣ ማታ

ሄድኩ። አበበች ጠላ እያጠለለች "ወይ አክስትህን ይዘሃት ና፣ ወይ ነገ ጽዋውን አንተው ደግስበት" አለችኝ።

እማ የሻረግ ደጃፏ ላይ የማሽላ እሸት ትፈለፍላለች። ከስታለች። አጎንብሼ ጉልበቷን ሳምኩ።

"እማ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት?"

"ያን ቀን ጎህ ሲቀድ ሳልህ። ሳልህን ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው አልነበረም።" እሸቱን ቀጠለች። "እስክትመጣ ነው የጠበቅኩ። ፈጅቶብሃል።"

ያኔ ጠየቅኳት፣ በመጨረሻ። "ለምንድን ነው የምትቀቢው?"

"በአንተ ነው" አለች። "እናትህ በሞተች በወሩ ትንፋሽ አጠረህ፣ ዓይንህ ተገለበጠ። ይዤህ ወደ ማርያም ስሮጥ ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ አለኝ። ሾላው ስር አስተኝቼህ ጮህኩ። እመ ብርሃንን ጠራሁ፣ ሾላውንም ጠራሁ፣ ያየሁትን ሁሉ ጠራሁ። አንዱ ሰማኝ። የቱ እንደሰማኝ አላውቅም ልጄ። ስለዚህ ለማርያም ጧፍ፣ ለሾላው ቅቤ። ማንን ልከልክል?"

ነሐሴ አምስት ነበር አለች፣ ቀኑ። ለዚህ ነው ጾሙ እስኪፈታ የማትጠብቀው።

"ነገ ነይ እማ። ጽዋው የአንቺ ነው።"

"ለእኔ ለብቻዬ መንገርህ ደግ ነው። ግን ስሜ የተጠራው ሰው ፊት ነው። የሚመለሰውም ሰው ፊት ነው። ያን ካደረግህ በሩ ላይ ታገኘኛለህ።"

መስከረም 21፣ ግሸን ማርያም

ቤቱ ሞልቶ ነበር። ረቡዕ ስለሆነ የጾም ነው የተደገሰው። ቄስ አያሌው ጽዋውን ባረኩ። መምህር ሚኪያስም ተጠርቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ነው።

እማ የሻረግ በሩ ላይ ነበረች። አልገባችም።

ተነሳሁ። ሁሌ ስነሳ ቀልድ ነው፤ ገና ሳልናገር የሳቁ አሉ። "ያን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ሳቁ ተቆረጠ። "እማ የሻረግ ዛፍ አላመለከችም። የቀባችው ለእኔ ሕይወት በተሳለችው ስለት ነው። ሳልጠይቃት ጻፍኩ። ይቅር በሉኝ።" ይህን ያህል ነው ያልኩት። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ስማቸው ከተጠራው አንዷ "ልማዱን ጻፍክ እሺ። ስማችን ምን አደረገህ?" አለች።

ጥግ ወዳለው አየሁ። "መምህር ከነስማቸው ስላሉኝ ነው" አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ፊቱ ቀላ። አፉን ከፈተ፣ እኔን አየኝ፣ ዘጋው። ከዚያ ተነስቶ "እውነት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እናቶቼ ይቅር በሉኝ" አለ። እማ የሻረግም ታየው ነበር።

ቄስ አያሌው ጽዋውን አንስተው ራሳቸው በሩ ድረስ ወሰዱት። "የጥቅምት ተራ የማን ነው?" አሉ። አበበች "የእማ የሻረግ!" ብላ ጮኸች፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እማ የሻረግ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ግንባሯን አስነካችው፣ ገባች። እኔ ቤት ገብታ ተቀመጠች፣ ጠላም ጠጣች። እኔም አለቀስኩ። አቧራ ነበር። አልነበረም።

ሲወጡ ሽማግሌዎቹ መምህር ሚኪያስን ዳር አድርገው አነጋገሩት። ወደ ወልድያ ቢመለስ ይሻላል ብለውታል።

መስከረም 22

ጠዋት ወፍጮ ቤት ስሄድ መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣውን ይዞ ቆሞ አየሁት። የጎብዬና የሮቢት መንገደኛ ከቦታል፣ የወልድያው መኪና ገና አልሞላም። "ደህና ይሁኑ አባቴ" አለኝ፣ "መጻፉን አይተዉ።" እጄን ጨበጠኝ። ምንም አላልኩም። እኔ፣ ምንም አላልኩም።

አሁን ሞተሩ ቆሟል፣ ናፍጣ እየጠበቅን ነው። ጆንያ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

በዚህ ደብተር ውስጥ አንድ የፈጠርኩት ነገር አለ። የአምስቱ ወር አይደለም፣ እሱን ያኔውኑ አርሜዋለሁ። ነሐሴ አራት ላይ ያለው መስመር ነው፣ ትናንትም ሰው ፊት የደገምኩት። ከነስማቸው አላለኝም። "ልማዶቹን ይጻፉልኝ" ነው ያለኝ፣ በቃ። ስሞቹን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ስም መጻፍ ስለቻልኩ።